ሳይጸድቅ ጸደቀ አይባልም

አጎቴ፣ ችግኝ በተተከለ በሳምንቱ «ጸደቀ» የሚል ሰው አይወዱም ነበር። እዚህ ወልድያ፣ በትንሿ ሙዚየም ግቢ ያለችውን የድሮ ሳር ቤት ጓሮ የምንንከባከብ እሳቸውን ጨምሮ አምስት በጎ ፈቃደኞች ነበርን። ሐሙስ ሐሙስ በሶብላውን እንኮተኩታለን፣ ጤና አዳሙን እናጠጣለን። እኔ ታዲያ አረንጓዴ ቅጠል ባየሁ ቁጥር «ጋሼ፣ ጸደቀልዎ!» እላለሁ፤ እሳቸው ይቆጡኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያጣድፍሻል? ይዞት በመጣው ውሃ ነው የለመለመው። አርባ ቀን ይሙላውና ያኔ ትይዋለሽ።»

መጨረሻ የተከሉት ጌሾ ነው። ከውርጌሳ ድረስ በሚኒባስ፣ ጭናቸው ላይ አቅፈው አመጡት። ከአጥሩ ጥግ ተከሉት፤ በዚያው ሳምንት አረፉ። እኛም ከለቅሶው እየተነሳን በየተራ አጠጣነው።

አርባቸው በወጣ ማግስት ሐሙስ ነበር። መኮትኮቻቸው ከሳር ቤቱ በር ጀርባ እንደተደገፈ ነው፤ ማናችንም ማንሳት አልቻልንም። ጌሾው ዘንድ ሄጄ ጎንበስ አልኩ። ይዞት የመጣው ቅጠል ሁሉ ረግፏል፤ ከግንዱ ግን ሁለት አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል። ዛሬ የሚቆጣኝ የለም። «ጸደቀ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን «ጸደቁ» የሚል ነበር።

ከኋላዬ ጤና አዳሙን የሚያጠጡት፣ አብረውን የሚሠሩት እናት ሰሙኝ።

«አሜን፣ ልጄ» አሉ።

አላረምኩትም።