ላንድሮቨሯና ኤንትሬው

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ልጄ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ሰማሁ። ስልኩ ላይ ሁለት አሮጌ መኪኖች ያያሉ፤ አንዷ ላንድሮቨር፣ ሌላው ኤንትሬ የምንለው ፊቱ ጠፍጣፋ የጭነት መኪና።

«እማዬ፣ አንቺ አታዳዪም፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ልጄ ሹፌር ነው፤ ስለ መኪና ጠይቆኝ አያውቅም።

እነዚህ መኪኖች በአገራችን መንገድ በሚመላለሱበት ዘመን የሽንዲ ልጅ ነበርኩ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ። ጥቅምት ነው፤ የኑግ አበባ ማሳውን ሁሉ ቢጫ አድርጎታል። እናቴን ሆዷን ካመማት ሦስተኛ ቀኗ ነበርና ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መቆሚያው አደረሱን። ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ካልደረሰች ተስፋ የላትም።

ላንድሮቨሯ በጠዋት መጣች። ጋቢናው ውስጥ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ቀርቷል። ሹፌሩ አንድ ባለሱቅ ጠራ።

«ቀድመን የመጣን እኛ ነን» አልኩ።

«እኔ ትናንት አስይዣለሁ» አለ ባለሱቁ።

«እንግዲያው ዕጣ ይጣል» አልኩ።

ቃሬዛ የተሸከሙት «ተይ አንቺ ልጅ፣ ለምኚው፤ ይተውልሻል» አሉኝ። የሚገባኝን ለምን እለምናለሁ? ከእናቴ ነጠላ ክር መዘዝኩ፤ እሱ ከኮቱ ቁልፍ በጠሰ። የማን ምን እንደሆነ ያላዩ ሽማግሌ አነሡ። ቁልፉ ወጣ።

ባለሱቁ አንድ እግሩን አስገብቶ ዞር አለ። «ዳኛዋ፣ አሁንስ ምን ትያለሽ?»

አንድ ጊዜ «እባክህ» ብዬ ብለምነው ይወርድ ነበር፤ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። እናቴ ከቃሬዛው ላይ «በይው እንጂ ልጄ» አለች። አላልኩትም።

ኤንትሬው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በቆሎ ጭኖ መጣ። ጆንያው ላይ አወጡን። ዳገቱን ሁሉ እያቃሰተ፣ ሰው በእግሩ ይቀድመው ነበር። አጠገባችን የተቀመጡት ሴቶች የተጠበሰ እሸት ይፈለፍላሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ እሸት አልበላም። ቡሬ ስንደርስ እናቴ ውኃ ጠየቀች። ከቡሬ ወዲህ ምንም አልጠየቀችም።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍኜላት ፍኖተ ሰላም ስንገባ፣ ላንድሮቨሯ ታጥባ ሻይ ቤት ደጃፍ ቆማለች።

ዛሬም ተራ ሲጣስ ዝም አልልም፤ ጎረቤት ያውቀኛል። የታመመ ሰው ካለ ግን ድምፄ ይጠፋል። ያን ቀን ትክክል ነበርኩ ወይ እያልኩ ይኸው አረጀሁ። የሚፈርድልኝም የለም።

«ላንድሮቨሯ ትሻላለች» አልኩት ልጄን።

«ተሳፍረሽባት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»