ተኝተው ያዩዋት ቆቅ

ቺሎምቦ ወፍ በመልኩ አታውቅም። ወፍ ለማየት እንግዶች የመጡ ዕለት የመንደሩ ሹም ሶባ ቺቴኩሉ የእንግዶቹን ባለሥዕል መጽሐፍ ፊቷ ዘርግቶ "እስቲ የምታውቂያቸውን አሳዪን" ቢላት፣ ገጹን ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አገላብጣ "ካልጮሁ በምን አውቃቸዋለሁ?" አለች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። የሶባው የወንድም ልጅ አደሊኖ ግን ሥዕሎቹን ሸምድዶ ኖሮ አንድ በአንድ ጠራቸው። እንግዶቹን እየመራ ጫካ የማስገባቱ ሥራ ለእሱ ተሰጠ።

እሷም ያለችው እውነቷን ነው። በጦርነቱ ጊዜ አራት ዓመት የኖረችው ከመንደሩ በላይ፣ ሞኮ ተራራ ሸለቆ ውስጥ ባለው ጫካ ነው። እዚያ እንደ ልብ ቀና ብሎ ማየት የለም፤ ጆሮ ብቻ ነበር የሚሠራው። ኦንዱቫ የሚሏቸው ባለቀይ ጉትያ ወፎች ሲንጫጩ ሰላም ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ጸጥ ካሉ ሰው እየመጣ ነውና በደረት መነጠፍ ነው። አንድ ጠዋት ጸጥ ሲሉ ቺሎምቦ ሕፃኗን ከሥሯ አድርጋ ተነጠፈች። ባሏ ካፒታንጎ ግን "ቆይ፣ ማን እንደሆነ ልይ" ብሎ ቀና አለ። እዚያው ጫካ ውስጥ ነው የተቀበረው።

ጦርነቱ ካለቀም በኋላ መንገዱ ፈንጂ ስለነበረበት ተራራው ብዙ ዓመት ተዘግቶ ቆየ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው በጋ ፈንጂው ተለቅሞ አለቀና ተከፈተ። ከእንግዳ በፊት የገባው ግን መጥረቢያ ነው፤ ለከሰል። ቺሎምቦ "ጫካው አይቆረጥ" እያለች ሶባው ደጅ ስትመላለስ ከረመች። በመጨረሻ ሶባው ሰልችቶት በጉባኤ ፊት ነገሩን ቆረጠው፦ "እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ጫካው አይነካም። እነዚህ ቆቋን ሳያዩ ከተመለሱ ግን ሌላ ማን ይመጣል? ሰኞ ለየቤቱ እናካፍለዋለን።" ቆቋ ከዚህ አገር ተራሮች በቀር የትም የማትገኝ፣ ለሰው ዓይን የማትመች ፍጥረት ናት። ሰኞ ሊደርስ የቀረው አራት ቀን ነበር።

እንግዶቹ ከሊዝበን የመጡ አሮጊትና ሽማግሌ፣ ሴኞራ ግራሲንዳና ባሏ ናቸው። አደሊኖ ሁለት ጠዋት ይዟቸው ወጣ። በመንገድ ላይ የወፎቹን ስም፣ የራሱን የሕይወት ታሪክ፣ የአማቱን ጠባይ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያስረዳ ዋለ። ቆቅ ቀርቶ የቆቅ ላባ አላዩም። በሦስተኛው፣ በመጨረሻው ጠዋት፣ ሶባው "በይ አንቺም ሞክሪ፤ በኋላ አልጠየቃችሁኝም እንዳትይ" አላት። አደሊኖ መጽሐፉን ተሸክሞ ከኋላ ተከተለ።

ቺሎምቦ ቃል ሳትተነፍስ ወደ ሸለቆው ወሰደቻቸው። ኦንዱቫዎቹ ከላይ ይንጫጫሉ። ካፒታንጎ የተቀበረበትን ዛፍ ጥቂት እንዳለፉ ጫካው ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

"ተኙ!" አለች ቺሎምቦ፤ እሷ አስቀድማ መሬት ላይ ነበረች። "ተኙ አልኩ!"

አሮጊቷና ሽማግሌው ከነመነጽራቸው ተነጠፉ። አደሊኖ ቆሞ ሳቀ።

"ማማ፣ ምን ነካሽ? ጦርነቱ አልቋል እኮ! ያልሰማሽ አንቺ ብቻ ነሽ።"

ቁርጭምጭሚቱን ይዛ ጎተተችው። እሱም እያጉረመረመ ወደቀ። በሌላ እጇ የሴኞራ ግራሲንዳን ጭንቅላት ወደ አፈር ተጭና ይዛለች፤ ያኔ የልጇን እንደያዘችው።

ከዛፎቹ በላይ አንድ ጭልፊት ዞረና ሄደ። ወፎቹን ያስደነገጣቸው እሱ ነበር።

ያኔ ነው ቺሎምቦ የሠራችው ሥራ የገባት። ፊቷ በሐፍረት ጋለ። የሰው አገር ሽማግሌ ጭቃ ላይ ጥላ፣ አሮጊት አፈር ላይ ደፍታ፤ አሁን ተነስተው ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ፣ ሰኞም መጥረቢያው ይገባል። የካፒታንጎ ዛፍ ከሰል ሆኖ ታያት። "አጠፋሁት" አለች በልቧ፤ "በገዛ እጄ አጠፋሁት።" ልታለቅስ ዳዳት።

ማንም አልተነሳም። ሴኞራዋ እጇን ለቀም አድርጋ ጨመቀቻት።

"እንዳትነቃነቂ" አለቻት በሹክሹክታ።

ቆሞ የሚሄድ ሰው የማያየው፣ ፈርን የሚባለው ቅጠላም ተክል ሥር ያለው ክፍተት፣ አሁን ከዓይናቸው ትክክል ነበር። በዚያ ቆቋ ቀስ ብላ እየጫረች መጣች፤ ሁለት ጫጩቶችም ከኋላዋ። ሽማግሌው ሲያለቅስ አደሊኖ አየው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ዘጋ።

ሶባው ቃሉን አላጠፈም። ከዚያ ወዲህ በየበጋው እንግዳ ይመጣል፤ ጫካውም እንደቆመ ነው። እንግዶቹ ገና ከመንደሩ ሳይወጡ "የምንተኛው የት ላይ ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። አደሊኖም "ማማ 'ተኙ' ስትል ምክንያቱን አትጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ ቁርጭምጭሚቴን አጥቼ ነበር" እያለ ያስቃቸዋል። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ሁሉም በደረቱ ይነጠፍና አንገቱን ቀና አድርጎ ቆቋን ይጠብቃል።

ቺሎምቦ ግን ቀና አትልም። ፊቷን በመጡበት መንገድ በኩል አዙራ፣ ጆሮዋን ሰጥታ ትተኛለች። አደሊኖ ስንት ጊዜ "ኧረ አንዴ እንኳ ዘወር በይና እያት!" ብሏታል። ቆቋን እስከ ዛሬ አላየቻትም።