ከሴፕቴምበር ወዲያ ባሕር ነው

የመንደሪን ልጣጭ ሲደርቅ የሚሰጠው ሽታ፣ ሳን ሆዜ ውስጥ በማላውቀው ሰው ደጃፍ ሳልፍ እንኳን ድንገት ሲመጣብኝ፣ ቀጥ አድርጎ ያቆመኛል። የኦክላንዷ ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን፣ የገና ጾም ሰሞን ዝናብ መስኮቷን ሲደበድባት፣ ፓ ሂተሩ አጠገብ ጋዜጣ ዘርግቶ ልጣጩን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ ትታየኛለች። ሲደርቅለት ይፈጨውና ከእናቴ ኮረሪማ ጋር ሊጥ ውስጥ ጨምሮ፣ በዘይት ጠብሶ፣ ትኩሱን በስኳር ውሃ ነክሮ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ያቀርብልን ነበር። እሱ የእኛን ጾም ባይጾምም፣ ለእኛ ብሎ እንቁላልና ወተት አያስነካውም ነበር።

ፓ የወለደኝ አባቴ አልነበረም። የወለደኝ ደምሴ፣ እኔ ገና ሳልድህ አዲስ አበባ ላይ ሞቶ፣ እናቴ በስደት አዝላኝ ስትንከራተት ቆይታ ኦክላንድ ከገባች በኋላ ነው ኮርኔሊስ ሴፕቴምበርን ያገባችው። ከኬፕ ታውን የተሰደደ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። በእነሱ ቋንቋ፣ በአፍሪካንስ፣ ልጅ አባቱን «ፓ» ብሎ ስለሚጠራ እኔም እንደዚያው እጠራው ነበር።

አንድ ዝናባማ እሑድ «ፓ፣ ስምህ ለምን የወር ስም ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩት። አሮጌ መጽሐፍ ቅዱሱን አውጥቶ፣ የፊተኛው ገጽ ላይ በተለያየ እጅ የተጻፉትን ስሞች፣ ሳሙና በማያስለቅቀው ግራሶ በጠቆረ ጣቱ ከታች ወደ ላይ አሳየኝ። ከሁሉ በላይ የተጻፈው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ልጅ ሆኖ በመርከብ መጣ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «የገዛው ሰውዬ ስሙን አልጠየቀም። ወሩ ሴፕቴምበር ነው፣ በቃ ሴፕቴምበር አለው። ወንድሙን ደግሞ በሌላ ወር ሌላ ሰው ገዛ። የወንድሙ ልጆች ዛሬ ሌላ ወር ናቸው። መንገድ ላይ ብንገናኝ አንተዋወቅም።»

«ከእሱ በፊትስ ማን ነበረ?»

«ከእሱ ወዲያ ባሕር ነው፣ ልጄ።»

ዝናቡ አልፎ ኮረብታዎቹ አረንጓዴ ሲለብሱ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞላኝና ፓ የጉዲፈቻ ፎርም ይዞ መጣ። በዚህ አገር በዚያ ዕድሜ ያለን ልጅ ዳኛው ራሱን ጠይቆ ፈቃዱን መስማት አለበት። ፓ ፎርሙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ «ሰው ሲታመም ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀት ላይም ልጄ ብትሆኚ ደስ ይለኛል። ካልፈለግሽ ግን ይቅር» አለኝ። እኔም አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እሺ አልኩት።

ወሬውን የሰሙት የደምሴ ወንድም፣ አጎቴ ጋሼ ተፈራ፣ በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው ኢንጂነር ሆነው የቀሩ ሰው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሳን ሆዜ ቤታቸው ወሰዱኝ። ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ቢጫ በሆነበት በዚያ በጋ፣ ጠዋት ጠዋት ጓሯቸው ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር አቁመውኝ «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኝ ነበር። «የደምሴ፣ የወልዴ፣ የተሰማ፣ የኃይሉ፣ የጎሹ፣ የገብሬ፣ የሳህሌ» እስክል ድረስ፣ በሳትኩት ስም ሁሉ አንዳንድ ኩርኩም ያቀምሱኝ ነበር። በጋው ሲያልቅ ሰባቱን ሳልተነፍስ እወርደው ጀመር፣ ኩርኩሙም ቀርቶ ኩራት ሆነብኝ።

ለእንቁጣጣሽ ዘመድ ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰበሰበ። ጋሼ ተፈራ አስነሥተው አስቆጠሩኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ቀጥለው ወደ ፓ ዞሩ።

«እስቲ ወይዘሮ መስከረም፣ ዛሬ በዓልዎ ነው፣ የእርስዎንም ሰባት ቤት ያሰሙን!»

ፓ ቀልዱ ባይገባውም ጥያቄው ገብቶታል፤ ቀስ ብሎ «እኔ ኮርኔሊስ። አብራም፣ ያን፣ ፍሬድሪክ፣ ሴፕቴምበር» አለ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ባሕር ነው።»

«እንግዲያማ የዓሣ ዘር ነህ በለኛ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ተፈራ ግን ሳይስቁ ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው፣ «የደምሴን ልጅ በደረሰኝ ላይ ባለ ቀን ልታስጠሪያት ነው?» አሏት። እናቴ ወደዚህ አገር የገባችው በእሳቸው ፊርማ ነበርና ዓይኗን ከሳህኗ ላይ አላነሳችም። እኔ ሳቅኩ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ዳኛዋ ፊት ቀረብን። ፓ ለቅዳሜና እሑድ የሚያደርጋትን ቆብ በእጁ ይዞ ከጎኔ ቆሟል። ዳኛዋ ፈገግ ብላ የሚስተር ሴፕቴምበር ልጅ መሆን እፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«አልፈልግም» አልኩ በእንግሊዝኛ። «የእሱ ስም የተሸጠ ሰው ስም ነው። እኔ ሰባት አባቶች አሉኝ።»

ዳኛዋ ደንግጣ ፓን አየችው። እሱም ቆቡን እያዞረ «እውነቷን ነው» አለ። ጋሼ ተፈራ ከደጅ ጠብቀው አይስክሬም ገዙልኝ። ቅዱስ ጴጥሮስ ጌታውን ክዶ ዶሮ ሲጮህ ወጥቶ አልቅሷል፤ እኔ አይስክሬሜን እስከ መጨረሻው በላሁ።

በዚያ ዓመት ዝናቡ መጣ፣ ሂተሩ አጠገብ ግን ጋዜጣ አልተዘረጋም። ፓ ማለትም ተውኩ፣ እሱም ለምን አላለኝም፤ እንደ ወትሮው በየማለዳው ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ ልቡ ሲታመም ሆስፒታሉ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ሴት «ልጁ ነሽ?» አለችኝ። ውሸት እንዳይወጣኝ የምጠነቀቅ ሰው ነኝና «ወረቀት ላይ አይደለሁም» አልኳት። ቤተሰብ እስኪመጣ ተቀመጪ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ። እናቴ ሚልፒታስ ከምትሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ አግኝታ እስክትደርስ፣ ፓ ከበሩ ወዲያ ብቻውን አለፈ። ለንስሐ አባቴ መናገር ያቃተኝ ኃጢአት ያን ዕለት የተናገርኩት እውነት ነው።

አሁን ጋሼ ተፈራን የምጦረው እኔ ነኝ። ሁሉ ነገር ጠፍቶባቸው ጥያቄያቸው ብቻ ቀርቷል። ሾርባ ሳጎርሳቸው ማንኪያውን በእጃቸው ይመልሱና «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉኛል።

«የኮርኔሊስ።»

«ኮርኔሊስ የማን?»

«የአብራም። አብራም የያን፣ ያን የፍሬድሪክ፣ ፍሬድሪክ የሴፕቴምበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ባሕር ነው፣ ጋሼ።»

«ጎሽ! አንድም አልሳትሽ» ብለው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ያኔ የተጠየቅኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር፣ መልሱን የሚጠብቀው ሰውም ቆቡን ይዞ ከጎኔ ቆሞ ነበር። ዛሬ ከምሳ በፊት ሦስት ጊዜ እጠየቃለሁ፣ ሦስቱንም እመልሳለሁ፣ የሚሰሙኝ ግን ጋሼ ተፈራ ብቻ ናቸው።