ከመጀመሪያው ገጽ የወጣው ስም

ኡያንጋ ሴኡል ከገባች አራተኛ ዓመቷ ነው። ኮሪያኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። በስልክ ያናገራት ሰው ሞንጎሊያዊት መሆኗን አይጠረጥርም፤ እሷም በዚህ ነገር ከልቧ ትኮራለች። ባቡር ውስጥ የአገሯ ልጆች ጮክ ብለው ሲያወሩ ከሰማች ቀስ ብላ ወደ ሌላው ፉርጎ ታልፋለች። ስትመጣ እንዲህ አልነበረችም። ግን የተላከችው ለመማር ነውና ተማረች።

ትልቁን ትምህርት ያገኘችው በመጀመሪያው ዓመት ነው። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ግማሹ ነገር የቡድን ሥራ ነው። አራት አምስት ሆነው ይሠራሉ፣ ክፍሉ ፊት ቆመው ያቀርባሉ፣ በማቅረቢያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ስማቸውን ይደረድራሉ። ሳይሠራ በሰው ላብ ነጥብ ሊያገኝ የፈለገ ካለ ስሙ ከዚያ ገጽ ይወጣል፤ ስሙ የሌለ ነጥብ የለውም፤ አስተማሪውም ለምን ብሎ አይጠይቅም። ለሰነፍ የወጣ ደንብ ነው፤ ክፉም አይደለም። ሰነፉ ማን እንደሆነ የሚወስኑት ግን ገጹን የሚሠሩት ናቸው።

ያኔ ኡያንጋ አሥራ አንድ ጥናት በመዝገበ ቃላት እየፈታች አንብባ፣ ሰንጠረዥ ሠርታ፣ በቡድኑ የስልክ ግሩፕ ላይ ላከች። የመለሰላት የለም። ለካ እሷን ትተው ሌላ ግሩፕ ከፍተዋል። በማቅረቢያው ቀን ስሟን አጥታ የቡድኑን መሪ ኮሪደር ላይ ብታስቆማት፣ ልጅቷ አይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«ጠልተንሽ አይደለም» አለቻት። «ያንቺን ጽሑፍ ከማረም አዲስ መጻፍ ይቀለናል። እስቲ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ኡያንጋ «እኔ ብሆን አላደርገውም» ልትል ፈለገች፤ በኮሪያኛ ቶሎ አልመጣላትም። መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች።

አሁን የመጨረሻው መንፈቅ ላይ ናት። በዚህ በአንድ ትምህርት ኤ ካገኘች እዚያው ማስተርሷን በነጻ ትቀጥላለች፤ ካላገኘች ሻንጣዋን ሸክፋ ወደ ትውልድ ከተማዋ ወደ ዳርሃን ነው። ኤ የሚሰጠው ደግሞ ለክፍሉ ሲሶ ብቻ ነው። የቡድን መሪ የሆነችው እሷ ናት። ከሥሯ ሁለት የአገሩ ልጆች፣ ሴ-ሪን እና ጉን-ዉ አሉ። አራተኛዋን ፕሮፌሰሩ ራሳቸው ጨመሩባቸው፤ ዲልኖዛ ትባላለች፤ ከሳማርቃንድ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም።

ዲልኖዛ ወደ መጀመሪያው ስብሰባ የመጣችው እናቷ የላከችላትን የደረቀ አፕሪኮት በፌስታል ይዛ ነው። ካፌው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

«ብሉ እንጂ፤ መርዝ የለውም።»

ሴ-ሪን አንዱን በሁለት ጣቷ አንስታ አገላብጣ አየችው። «ታጥቧል?»

«በእናቴ እንባ።»

ጉን-ዉ ከት ብሎ ሳቀ። ኡያንጋ አልሳቀችም። እሷ የሰማችው ቀልዱን ሳይሆን የልጅቷን የተሰባበረ ኮሪያኛ ነው።

«እትዬ ኡያንጋ፣ አንቺም ቅመሺ።»

«እትዬ አትበይኝ፤ አሮጊት አስመሰልሽኝ።»

«ታላቄ አይደለሽ? በስምሽ ብቻ ጠርቼ ልድፈርሽ?»

ጥናቱ በአንድ የድሮ ገበያ ስለሚነግዱ ሴቶች ነበር። ሴ-ሪን ሁለት ጊዜ ሄዳ ዓሣ ሻጮቹ አባረሯት። ዲልኖዛ ሄደች። ጎመን ስታጥብላቸው፣ ቅርጫት ስታነሳላቸው ከረመችና የአርባ ሴቶችን ታሪክ ይዛ መጣች። ከመካከላቸው አንዷ ባሏ የሞተ ቀን እንኳ ሱቋን እንዳልዘጋች ነግራታለች። ጉን-ዉ ሁለት ጊዜ አነበበው። ኡያንጋም አነበበችው፤ ኤውን የሚያመጣው ይህ እንደሆነ ወዲያው ገባት።

ችግሩ ሌላ ነው። ስሙ ገጹ ላይ ያለ ሁሉ ክፍሉ ፊት ሁለት ደቂቃ መናገር አለበት፤ ፕሮፌሰሩ በአነጋገር ነጥብ ይቀንሳሉ፤ የሚቀንሱትም ከሁሉም ነው። ዲልኖዛ ደግሞ ኮሪያኛዋን የለመደችው ከዓሣ ሻጮች ነው። ልምምድ ላይ አፏን ስትከፍት ገበያው በሙሉ ክፍሉን ሞላው።

ማቅረቢያው ሦስት ቀን ሲቀረው ኡያንጋ ዲልኖዛ የሌለችበት ግሩፕ ከፈተች። በማግስቱ ከሰዓት ሦስቱ ካፌው ተገናኙ።

«እኮ ሥራውን የሠራችው እሷ አይደለችም?» አለ ጉን-ዉ።

«ሠርታለች። ግን ስትናገር ታስጨርሰናለች። የውጭ ዜጋ ናት፤ ምን ይደረግ።»

ሴ-ሪን ቡናዋን በቀሰም እየማገች ቀና ብላ አየቻት። «አንቺስ የየት ዜጋ ነሽ?»

ሁለቱ ሳቁ። ኡያንጋም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከአራቱ ስሞች አንዱን አጠፋች። ማንም አላስገደዳትም፤ ይህ በደንብ ይታወቅላት።

በቀኑ ዲልኖዛ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ጸጉሯን አሲዛ መጣች። የምትናገረውን ሁለት ደቂቃ ጽፋ ወረቀቷን አራት ቦታ አጥፋዋለች። የመጀመሪያው ገጽ ግድግዳው ላይ በራ። ሦስት ስም። ዲልኖዛ አላስተዋለችውም፤ ወይም አይኗን አላመነችም። ባሏ በሞተበት ቀን ሱቋን ያልዘጋችውን ሴት ኡያንጋ በጠራ አንደበት ተረከቻት፤ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡ።

«ጨረሳችሁ?» አሉ።

ዲልኖዛ ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ጀምራለች።

«አዎ ፕሮፌሰር፤ ጨርሰናል» አለች ኡያንጋ።

ልጅቷ ተመልሳ ቁጭ አለች።

ኮሪደር ላይ ስትከተላት ኡያንጋ መልሷን አዘጋጅታ ነበር። «ጠልተንሽ አይደለም» ከሚለው የሚጀምረውን፣ በመጀመሪያው ዓመት የተቀበለችውን መልስ። አላስፈለገም።

«እትዬ፣ አየሽ የሠሩኝን?» አለች ዲልኖዛ አይኗ እንባ ግጥም ብሎ። «ሴ-ሪን ናት አይደል? ከመጀመሪያውም አትወደኝም። አንቺ ገጹን ያየሽው እዚያ ስትቆሚ ነው፤ ፊትሽ ሲለዋወጥ አይቻለሁ።»

ኡያንጋ ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ትችል ነበር፤ ቋንቋው አይቸግራትም።

«ፕሮፌሰሩን አናግሪልኝ። እኔ ሳለቅስ ቃሉ ይጠፋብኛል። አንቺን ይሰሙሻል።»

«አናግራቸዋለሁ» አለች ኡያንጋ። «አንቺ ግን እንዳትሄጂ። እዚህ አገር ቅሬታ የሚያበዛ አይወዱም፤ ይብስብሻል።»

የነጥብ ቅሬታ የሚቀርበው በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻ ነው። ኡያንጋ ይህን ታውቃለች። ዲልኖዛ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ትመጣለች።

«ምን አሉ?»

«እየታየ ነው።»

በማግስቱም እየታየ ነው። በስምንተኛው ቀን «ሳምንቱ እኮ አለፈ፤ አዝናለሁ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ» አለቻት። ይህን ስትል ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። እኚያ ፕሮፌሰር ነገሩን ቢሰሙ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር ማንም አያውቅም፤ አልሰሙማ።

ዲልኖዛ በዚያ ትምህርት ወደቀች፤ መቆያ ፈቃዷም ከነጥቧ ጋር የታሰረ ነበርና አልታደሰላትም። ኡያንጋ ኤ አገኘች።

ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ዲልኖዛ ወደ ኡያንጋ ዶርም ትልቅ ጥቅል ታቅፋ መጣች። አልጋ ላይ የሚነጠፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ምንጣፍ ነው። ዓሣ ሻጮቹ አዋጥተው የገዙላት ነው፤ በሻንጣዋ አልገባ አለ።

«የብርዱ ወራት እየመጣ ነው፤ አንቺ ደግሞ እዚሁ ነሽ» አለች። «ለሌላ ሰው ብሰጠው ይቆጨኛል። በዚህ ከተማ ሰው የሆንሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ኡያንጋ በአገሩ ደንብ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። አመሰገነቻትም፤ አነጋገሯ አንድም እንከን አልነበረበትም። ዲልኖዛ አቅፋት ደረጃውን ወረደች። ኡያንጋ በሩን ዘግታ ጥቅሉን ይዛ ትንሽ ቆመች፤ ልትጥለውም አስባ ነበር።

የብርዱን ወራት ሙሉ ተኛችበት። ደህና አድርጎ ይሞቃል።