«አይመለስም» ያልኩት ሞተር

ያ የሮተሪ ሞተር ክርክር ያስከፈለኝ አንድ ወዳጅ ነው። ገንዘብ አልወጣብኝም፤ እንዲያውም ተርፎኛል። የሚያሳፍረኝም ይኸው ነው።

ወዳጄ ከሚዛን ወደ ቴፒና ማሻ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ግቢው ባለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ አስጭኖ ያመጣት ባለ ሁለት ወንበር አሮጌ ስፖርት መኪና ነበረችው። ሞተሯ ሮተሪ ነው፤ ፒስተን የለውም፣ በፒስተን ፋንታ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከርበታል። የብረቱ ጫፍ ላይ ያለው ማሸጊያ አልቆ ቆማለች፤ መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። እሱ ግን «ሮተሪን መልሰው ይሠሩታል፤ ያኔ ዕቃውም ይገኛል» እያለ ያጥባታል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማን ከተማ፣ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ተቀምጠን በዚሁ እንጨቃጨቃለን።

«ቢመለስም ለባትሪ መሙያ ነው» ይላል የጋራዡ መካኒክ። «ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው የሚሆነው።»

«እሱማ ጄኔሬተር ነዋ!» ይላል ፋርማሲ ያለው ጎረቤታችን። «እኔ ያንን ጩኸት ነው የምፈልገው። ከፈለገ ቤንዚኑን በባልዲ ይጠጣ።»

«አንተ ምን ቸገረህ፣ መኪና የለህ!» ይለዋል መካኒኩ።

«ቢመለስስ በየት ሊገባ ነው? የቤንዚን መኪና ማስገባት ተከልክሏል» እላለሁ እኔ።

«መኪናው ይቅር፤ ማሸጊያው ይግባልኝ» ይላል ወዳጄ።

እኔ ስለ ሞተር የማውቀው ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ግን ቡና ነጋዴ ነኝ። ገበሬው ያመጣውን ቡና ጨብጠህ፣ በጥርስህ ነክሰህ፣ ደርቆ እየተንኮሻኮሸም ዋጋው እንዲወርድልህ «እርጥብ ነው» ትላለህ፤ ፊትህን ሳትፈታ። ከቆየህበት ልማድ ይሆንብሃል፤ ቤትህ የተሠራውን ወጥ ሳይቀር ታጣጥላለህ።

ባለፈው የቡና ወቅት ዝናቡ አላባራ አለና ቡናዬን የማኖርበት ደረቅ ቦታ አጣሁ። የወዳጄ ሚስት ያቺ የቆመች መኪና ከወጣች መጋዘኑን ልታከራየኝ ፈቃደኛ ነበረች። ቤታቸው ተቀምጠን፣ እሷም እየሰማች፣ ወዳጄ ወደ እኔ ዞረ።

«እነዚያ ይቀልዳሉ። አንተ ገበያ ታውቃለህ። ቁርጡን ንገረኝ፣ ይመለሳል?»

የምሩን ነበር። «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር።

«አይመለስም» አልኩት፣ ቡና በማጣጥልበት ድምፅ። «ያለቀለት ነገር ነው።»

«ሰማህ?» አለችው ሚስቱ።

በሳምንቱ ብረት ገዢዎች መጥተው መኪናዋን ቆራርጠው ወሰዱ፤ በቦታዋ ቡናዬ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ መካኒኩ ስልኩን አሳየን፦ ሮተሪ የተገጠመለት አዲስ ስፖርት መኪና፣ ለናሙና ተሠርቶ ለዕይታ ቆሟል። ባለ ፋርማሲው ጮቤ ረገጠ፤ መካኒኩ «ናሙና አይነዳም» አለው፤ ክርክሩ ጦፈ። እኔ ተነሥቼ ወዳጄ ቤት ሄድኩ።

«ሊመልሱት ነው ይላሉ።»

«አይቼዋለሁ።»

«እኔ እኮ ተሳስቼ...»

«አልተሳሳትክም። ቦታ ፈልገህ ነው» አለኝ፤ ቁጣ እንኳ የለውም። «ይልቅ ቡናህን አገላብጠው፤ ከሥር ያለው ይሻግትብሃል።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ገብቼ አገላበጥኩ።

ቡናው ደርቆ ተሸጧል። መጋዘኑ ዛሬም በእጄ ነው፤ ኪራዩን ለሚስቱ እከፍላለሁ። እሱ እሑድ አማን አይመጣም።