የእጅ ፍሬኗ የማይዝ መኪና ይዘን ወደ እንጦጦ

ጎህ ሲቀድ፣ ጉርድ ሾላ

ቀይዋ ስፖርት መኪና አልነሳም ብላለች። ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ፣ በዕድሜ ታላቄ ናት። የአባቴ ነበረች፤ እሱ ካረፈ ወዲህ የእናቴ ሆናለች። ነገ ገዢ መጥቶ ይወስዳታል። እኔ እንድትሸጥ አልፈልግም፤ ግን ባለቤቷ እማዬ ናትና ዝም ብያለሁ። "ለመጨረሻ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ታድርሰን" ስላለች ነው በዚህ ብርድ የወጣነው።

ቁልፉን አዞራለሁ፣ ነዳጅ እረግጣለሁ፣ ወይ ፍንክች።

"ኧረ ነዳጅ አታጠጫት፣ ታፈነች እኮ!" አለች እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች። "እግርሽን አንሺና ትንሽ ታገሺ።"

ታገስኩ። ተነሳች። መንጃ ፈቃድ የሌላት ሴት መንዳት ታስተምረኝ ጀመር!

ሾላ ገበያ

የሽንኩርት ጆንያ፣ የበርበሬ ሽታ፣ ሚኒባስ በሚኒባስ ላይ። በቆምን ቁጥር ሞተሩ ሊጠፋ ይንተፋተፋል።

"ማዘር፣ ውድድሩ የት ነው?" አለ አንድ ረዳት ከሚኒባሱ በር ተንጠልጥሎ።

"እንጦጦ! ከቻልክ ተከተለን!" አለችው እማዬ።

ሳቄን ስለቀው ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ያለው ጡሩምባ አይነገርም።

ከሽሮ ሜዳ በላይ

ባሕር ዛፍ፣ ጉም፣ ቀዝቃዛ አየር። ቱታ የለበሱ ሯጮች በዳገቱ ይቀድሙናል፤ አንዷማ እጇን አውለበለበችልን። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ተጠጋ።

"ማሞቂያውን ክፈቺው" አለች እማዬ።

"መኪናዋ ጋለች እያልኩሽ?"

"ለዚያ እኮ ነው። የሞተሩ ሙቀት ወደ እኛ ይምጣ። መስኮቱን አውርጂ።"

ቀስቱ ትንሽ ወረደ። ግን ቀጣዩ ኩርባ ላይ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ወጣ፤ ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑ ድሮም አይዝም፤ የእግሩን ረግጬ ቀረሁ። ምን ይሻላል ሳልል እማዬ ወርዳለች። ከመቀመጫዋ ስር ጥቁር ድንጋይ አውጥታ ከኋላ ጎማ ስር ሸጎጠች።

"አሁን ልቀቂ!"

የራዲያተሩን ክዳን ልከፍት እጄን ስሰድ ደግሞ ጮኸችብኝ። "እረፊ! ፊትሽን ልትቀቀዪ ነው?" እስኪበርድ ሣር ላይ ተቀምጠን ቆሎ ቆረጠምን፤ ከዚያ ውሃ ሞላን።

"አባዬ ግን ይህን ፍሬን ለምን አላሠራውም?"

"ቢያሠራው ኖሮ እኔን መቼ ይዞኝ ይዞር ነበር?" ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ ረጠበ። "ድንጋይ የሚያደርግለት ሰው ያስፈልገው ነበራ! ዳገት ያለበትን አገር ሁሉ አብረን አየነው።"



እንጦጦ ማርያም

ደረስን! ማንም ሳይገፋን! እማዬ ደጁን ተሳልማ ብዙ ቆየች። ስትመለስ የመኪናዋን ጭቃ በመሐረቧ ጠረገች።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤት

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። የሰፈራችን መንገድ ተዳፋት ነው፤ እማዬ ድንጋዩን አደረገች። እኔም ቅር እያለኝ የአባዬን መነጽርና ጓንት ከመኪናዋ ማውጣት ጀመርኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ነገ ሰውየው ይመጣል አላልሽም?"

"ደውዪና አትምጣ በዪው።"

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። "በቃ ጋራዥ እወስዳታለሁ! ሙቀቷን፣ ፍሬኗን፣ ሁሉንም አሠራታለሁ!"

እማዬ ከእቅፌ ወጥታ ትክ ብላ አየችኝ።

"ሙቀቷን አሠሪ። የእጅ ፍሬኑን ግን እንዳትነኪው።"