የእናቴ ወረንጦ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ለጓደኛዋ ሠርግ ቅንድቧን ልታሳምር መስታወት ፊት ተቀምጣ፣ የራሷ መንቀያ ጠፍቶባት ኖሮ፣ ከመሳቢያዬ ውስጥ አሮጌውን ወረንጦ አውጥታ ስትነቅልበት ደረስሁ። አንዲት ፀጉር በነቀለች ቁጥር «ውይ!» እያለች እግሯን ታነሣለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልቆጣት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ያ ወረንጦ የሞላሌ ቀጥቃጭ የሠራው፣ ከእናቴ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ ብረት ነው፤ ለቁንጅና አንድም ቀን ውሎ አያውቅም። ልጅቷ ስትጮህ ሳያት እናቴ አንድ ቀን እንኳ «ውይ» እንዳላለች ትዝ አለኝ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። መንደራችን ከሞላሌ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ያህል ከፍ ብላ ያለች፣ ቤቶቿ በድንጋይ ታጥረው የጓሳ ሣር የለበሱ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ መሬቱን ነጭ የሚያደርግባት ነበረች። በዚያ ብርድ ፊት መታጠብ የበዓል ሥራ ነው። የኩበቱ ጭስ ከታች፣ በጎቹ ከጎን፣ ዝንቡ ከበጎቹ ጋር፤ አራት ልጆች በአንድ የበግ ጠጉር ዝተት ሥር አድረን ስንነሣ ዓይናችን በዓይናር ተጣብቆ አይከፈትም ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ለብ ባለ ውሃ ነከር ታደርግና ከታላቅ እስከ ታናሽ በተራ ትጠርገናለች፤ በመጨረሻም በዚያው ጫፍ የራሷን ዓይን ትጠርጋለች። ያ ጫፍ ጭስና ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ እኔ ተራዬ እስኪደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ስጠብቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዓይን ሲቀላና ሲያብጥ «ማዝ ነው፣ ያልፍለታል» ይባላል፤ እንደ ጉንፋን የሚቆጥረው እንጂ የሚደነግጥለት ሰው አልነበረም።

ለእናቴ ግን አላለፈላትም። የዓመታት ማዝ የዓይኗን ቆብ ወደ ውስጥ አጥፎት፣ ሽፋሽፍቷ ዓይኗን ይወጋት ጀመር። የመንደሩ ሰው «ፀጉር ገባባት» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ትቀመጥና ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ወረንጦውን ከአንገቷ አውልቃ ትሰጠኛለች። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ በቤቱ አጥርቶ የሚያይ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ያለኝ እኔ ነበርሁ፤ በዚህም ትንሽ እኮራ ነበር። ትንፋሼን ውጬ ፀጉሩን ከሥሩ እይዝና ባዘነበለበት አቅጣጫ እስበዋለሁ። የነቀልሁትን የእጇ ጀርባ ላይ አስቀምጥላታለሁ፤ ስጨርስ በጣቷ እየዳበሰች ትቆጥራለች። ለጨዋታ ስቸኩል አንዳንዱ መሐል ላይ ይበጠሳል። የተበጠሰ ፀጉር እንደታጨደ ገብስ አገዳ ጫፉ ሹል ሆኖ ከበፊቱ የባሰ ይወጋል። «ሰበርሽው» ብቻ ትለኛለች፤ አትቆጣኝም።

አሥረኛ ዓመቴ ላይ ሞላሌ የሚኖረው አጎቴ ትምህርት ቤት ላስገባት አለ። የዚያን ቀን ደስታዬ እሑድን እስካስታውስ ድረስ ነበር። «እማዬ፣ ማን ይነቅልልሻል?» አልኋት።

«አባትሽ ምን ሊሠራ ነው?» አለችኝ።

ዕድሜ ልኩን እርፍ የጨበጠውን የአባቴን ጣት አይተን ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም አብሮን ሳቀ። ከመስቀል በኋላ ስንቄን ይዤ ወረድሁ።

ለገና ስመለስ እናቴ ጠላ ልትቀዳልኝ ጋኑን ዘንበል አድርጋ፣ ከዋንጫው አጠገብ መሬት ላይ አፈሰሰችው። ይዣት ወደ ፀሐይ ወጣሁ። የቀኝ ዓይኗ ብሌን ነጭ ለብሷል። አባቴ ሁለት እሑድ ሞክሮ «እጄ ፈራ» ብሎ ትቶት፣ እሷው በዳበሳ ስትነቅል፣ ስትሰብር ከርማለች፤ ለኔም እንዳይነገር ሁሉንም አስምላ ነበር። ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አልመለስም ብዬ አለቀስሁ። ያኔ እናቴ ተቆጣችኝ፤ የምር ስትቆጣኝ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «የኔ ዓይን አንሶ ያንቺንም ላጨልመው?» አለችኝ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባቴ ሁላችንንም ሞላሌ ክሊኒክ ወሰደን። የክሊኒኩ ሐኪም፣ ድሬሰሩ፣ ወጣት ነው፤ የእናቴን ቆብ በክብሪት እንጨት ገልብጦ ሲያይ ቆየና «እናቴ፣ ይህኛው አልፏል። ግራውን ግን ማዳን ይቻላል። መንቀል አይበቃም፤ ደብረ ብርሃን ሄደው ቆቡ በቀዶ ጥገና ይቃናልዎት» አላት። ከዚያ የእኛን ዓይን አይቶ ቢጫ ቅባት ሰጠን፤ ቀልቶ የነበረው ቢነጣም ጠዋትና ማታ ሳናቋርጥ እንድንቀባ፣ ፊታችንን በየቀኑ እንድንታጠብ አዘዘ።

«በምንድን ነው የሚጠርጉላቸው?»

እናቴ እንደሚያስመሰግናት ሁሉ የነጠላዋን ጫፍ አሳየችው።

ድሬሰሩ ቀስ ብሎ «በሽታውን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያደርሰው እሱ ነው፣ እናቴ። ለየራሳቸው ጨርቅ ያድርጉላቸው» አላት።

እናቴ ጫፉን ጨምድዳ በጭብጧ ያዘችው። እስከ ቤት ድረስ ጭብጧን አልፈታችም። ዳገቱ ላይ ስንደርስ «በዚሁ በእጄ?» ስትል ሰማኋት፤ ለማን እንደተናገረችው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ዓይናችንን በነጠላዋ ጠርጋን አታውቅም። የየራሳችን ጨርቅ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ዓይናችንም ዳነ። እኔ ግን ያ ጫፍ ናፈቀኝ፤ ዛሬም ይናፍቀኛል ብል አላፍርም።

በጥር አባቴ በበቅሎ አድርጎ ደብረ ብርሃን ወሰዳት። ግራ ዓይኗ ተረፈ።

ለፋሲካ ስመጣ፣ እሑድ ከሰዓት ያችው ግድግዳ ሥር ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ወረንጦውን ሰጠችኝ። «እስቲ እዪልኝ፤ አንድ እንኳ ሳይቀር አይቀርም» አለች። ፈለግሁ። ቆቡ ተቃንቶ ሽፋሽፍቷ ሁሉ ወደ ውጭ ቆሟል፤ የሚነቀል ነገር የለም። የለም ልላት ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውሁት። ትንፋሼን ውጬ፣ የወረንጦውን ጫፍ ቆቧን ነካ አድርጌ፣ አየሩን ሳብሁ።

«ወጣ?» አለችኝ።

«ወጣ» አልኋት፤ እጇ ላይ ምንም አላስቀመጥሁም። እሷም አልቆጠረችም። እስክትሞት ድረስ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ ልጆች ወልጄ እንኳ፣ መንደር በሄድሁ ቁጥር እንዲሁ አደረግን፤ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አልተናገርንም።

ዓይኔ ጤነኛ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ግን ፀሐይ ጥግ እቀመጥና፣ ጭኔ ላይ የእናቴ ራስ ክብደት ይጎድለኛል።

«እማማ፣ ይሄ ነገር ዶልዱሟል፤ አይነቅልም እኮ» አለችኝ ልጅቷ፣ ወረንጦውን እየመለሰችልኝ።

«እንዲነቅል አይደለም ያስቀመጥሁት» አልኋትና፣ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አደረግሁት።